ባዶው ቅንፍ

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

የኋላሸት፣

ነገሩ የተበላሸው ረቡዕ ሚያዝያ 17 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ነው። በእኔ ወንበር ተቀምጠህ፣ በእኔ ስም በተከፈተ ኮምፒውተር፣ እኔ ባዶ የተውሁት ቅንፍ ውስጥ የቤተሰብ ቁጥር አስገባህበት። ሰዓቱን ማንም አልነገረኝም። በፕሮጀክቱ ርክክብ ዕለት የፕሮግራሙን ገጽ ወደ ፍላሼ ቀድቼው ነበር፤ ፋይል ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበትን ደቂቃ ይዞ ይቀመጣል። በዚያ ደቂቃ እኔ ከባልደረባችን ከማሬ ጋር የጎሽ ውኃ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መዝገብ እያመሳከርሁ ነበር። እንዲያውም ደውለህ «በጣም መሽቶባችሁ እንዳትቆዩ፣ መንገዱ ጭቃ ነው» ብለኸኛል።

ትናንት «ስለ ዝርዝሩ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ» የሚል የስልክ መልእክት ስልክልህ «ምን ሆነሽ ነው በወረቀት የምትጽፊው?» ላልኸኝ፣ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ዘግተውብኛል፤ አንተ ደግሞ ስልክ አታነሣም። በዚያ ላይ ወረቀት ሲፋቅ ያስታውቃል።

«የትኛው ዝርዝር?» ብለህ መጠየቅህ ግን ገርሞኛል። የጎሽ ውኃ ባለይዞታዎች ዝርዝር ነዋ! አሁን የማውቀውንና የምታውቀውን ከሥር ከሥሩ እጽፋለሁ። አታውቀውም ብዬ አይደለም፤ ይህን ወረቀት አንድ ቀን ዳኛ ሊያነበው ይችላል።

ፕሮጀክቱ የቀበሌውን የመሬት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። ሰዎቹን ከመረጃ ቋቱ አንድ በአንድ አውጥቶ አሬይ የሚባል ተራ ውስጥ የሚደረድረውን፣ አሬዩንም ቀበሌው በታብሌት እንዲያነበው ጄሶን ወደሚባለው ተራ ጽሑፍ የሚለውጠውን ገጽ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቅንፉን ባዶ ያደረግሁት አስቤበት ነው። ባዶ ቅንፍ የመጣውን ሁሉ በመጣበት ተራ ያስገባል፤ የማን ነሽ፣ ከማን ወገን ነሽ አይልም። ቁጥር ከጻፍህበት ግን ለአንድ ቁጥር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በዚያው ቁጥር ሌላ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ይወጣል። ማስጠንቀቂያ የለም፤ ፋይሉም አምሮ፣ ቅንፉ ሁሉ ተዘግቶ ይወጣል።

በጎሽ ውኃ ደግሞ ባልና ሚስት ሲፋቱ ለሴትዮዋ አዲስ ደብተር አይሰጣትም። ኮሚቴው የደረሳትን መሬት በባልየው ገጽ ግርጌ፣ በዚያው በቤተሰቡ ቁጥር፣ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፍላታል። መሬቷ ያ ቀይ መስመር ነው፤ ሌላ ማስረጃ የላትም።

ትናንት ታብሌቱን ከቀበሌው ሊቀ መንበር ለምኜ ፋይሉን ከፈትሁት። የእኔ በማዕዘን ቅንፍ ነበር የሚጀምረው። ይህኛው በጠምዛዛ ቅንፍ ይጀምራል። ፋይሉ እንዲህ የሚጀምረው ባዶው ቅንፍ ውስጥ ቁጥር ሲገባበት ነው። ከዚያ በኋላ የቀረኝ መቁጠር ብቻ ነበር። ቋቱ ውስጥ ያስገባነው 1914 ሰው ነው፤ ማስታወሻዬ ላይ አለ። ፋይሉ ውስጥ ያለው 1851 ነው። ስልሳ ሦስት ሴቶች የሉም።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ እኔ ለወረቀት ሥራ ቀረሁ እንጂ ኮምፒውተሮቹ ባዶ ተደርገው ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጥተዋል። የቋቱ ሙሉ ቅጂ ያለው አዲስ አበባ ይዘኸው በሄድኸው ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ላክልኝ። ቅንፉን መልሼ ባዶ ለማድረግና ዝርዝሩን እንደገና ለማውጣት ዐሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም።

ሰላምታ አልጻፍሁም። ፍላሹ ሲደርሰኝ እጽፋለሁ።

ሔዋን


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለውድ ሔዋን፣

እንደምን ሰነበትሽ? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከናፍቆትሽ በስተቀር። አባትሽንና መላ ቤተሰቡን ይጁቤ ስትወርጂ በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ስልክ ባለማንሣቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አዲሱ መሥሪያ ቤት በሥራ ሰዓት ስልክ አያስነካንም።

ቅንፉን የነካሁት እኔ ነኝ። አልክድሽም። በማግስቱ ፕሮጀክቱን በገንዘብ የሚረዱት እንግዶች ሊመጡ ነበር። አቶ እንዳላማው ከኋላዬ ቆመው «ቁጥር ሲጻፍ ሰውየው ወዲያው ይውጣ፤ በእንግዳ ፊት ዝርዝር ስንፈልግ አንዋል» አሉኝ። አስተባባሪ ናቸው፣ ምን ልበላቸው? በአምስት ቁጥር ሞከርሁት፤ አምስቱም ሠሩ። ሁሉም ያልተፋቱ ሰዎች መሆናቸውን ያወቅሁት አሁን ከደብዳቤሽ ነው።

ፍላሹን እየፈለግሁት ነው። ዕቃዬ ገና በካርቶን ነው ያለ፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ አልፈታሁትም። እስከዚያው አንድ ነገር ልጠይቅሽና አትቆጪኝ፦ ሴቶቹ በእርግጥ ጉዳት ደርሶባቸዋል ወይስ ከዝርዝሩ ላይ ብቻ ነው የጠፉት? ዝርዝር እኮ በሚቀጥለው ዓመት ሊታረም ይችላል።

በፋሲካ ማግስት ለላክኋቸው ሽማግሌዎች አባትሽ «ልጅቷን እንጠይቃት» ብለው ነበር። ተጠየቅሽ?

አንቺን የማይረሳ
የኋላሸት


ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

የኋላሸት፣

ተጠይቄአለሁ። መልሱን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ፍላሹን ከካርቶን እስክታወጣ ይቆይ።

ጉዳት ደርሶባቸው እንደሆነ ላልኸው፣ ሰው ልንገርህ። እማማ ወለተ ኢየሱስን ታስታውሳቸዋለህ፤ መሬት ስንለካ ገመዱን ከእጅህ ነጥቀው «አንተ ልጅ፣ ገመድ እንዲህ ረግቦ ይለካል?» ያሉህ ሴትዮ ናቸው። ከባላቸው ከተለያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሦስት ጥማድ መሬት ደርሷቸው፣ እርሻውን እያሳረሱ፣ ሰው ሳይለምኑ ኖረዋል። ሰኔ 28 ቀን የቀድሞ ባላቸው ሁለት ጥማድ በሬና ማኅተም ያረፈበት የእኛን ዝርዝር ይዞ መጣ። «በዚህ ቁጥር ያለሁ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ አረሰው። ለጤፍ ሦስቴ ያሳረሱትን መሬት አራተኛውን እሱ ገለበጠበት። አሁን ዘርቶበታል።

ሴትዮዋ በአምበር በኩል መኪና ይዘው እዚህ መጡ። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ «ስምዎ ቀጠሮ ካላቸው ውስጥ የለም» ብሎ በር ላይ አቆማቸው፤ እዚህም ስማቸው የለም ማለት ነው። ወጥቼ አገኘኋቸው። ዝናቡ ያካፋል፤ ነጠላቸውን ለእኔ ሊያለብሱኝ ይታገላሉ። ነገሩን እንደምንም አስረዳኋቸው። ሰሙኝና፣

«ቆይ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ከዚያ ሰውዬ ቤት የወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ። ያንቺ ማሽን መልሶ አጋባኝ እንዴ?»

«እንደዚያ ነው እማማ። ከዚያም አስወጣዎት።»

«ባይሆን ሲያጋባኝ ለድግሱ በጠራኝ!» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልቻልሁም። እጄን ይዘው «ተይ፣ አንቺ አይደለሽም» አሉኝ። የከበደኝ ይህ ነው፤ እኔም አለሁበትና።

ይህን ለሌላ ሰው አልነገርሁም። በመጋቢት መዝገቡን ስንጽፍ ማሬ ከገጽ አንድ ልትጀምር ስትል «አይሆንም፣ መጀመሪያ ቀዮቹን» ያልኋት እኔ ነኝ። በኋላ ሰው ሲደክመው ግርጌ ያለውን ይዘላል ብዬ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ማሬ እያነበበች እኔ ስጽፍ፣ ስልሳ ሦስቱን ሴቶች ከማንም በፊት አስገባኋቸው። ስለዚህ በቋቱ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው፤ አንተ ቅንፉ ውስጥ ቁጥር ስትጽፍ ደግሞ የመጀመሪያው ነው የሚወጣው። ቸል ብያቸው በመጨረሻ ጽፌአቸው ቢሆን የሚጠፉት ባሎቻቸው ነበሩ። ስልሳ ሦስት ባሎች ቢጠፉ ኖሮ በማግስቱ በራችን በጩኸት ይሞላ ነበር፤ እስከ ምሳ ሰዓት ይታረም ነበር።

ላክልኝ። ለአንድም ቀን አታቆየው።

ሔዋን


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለውድ ሔዋን፣

ጾሙ እንዴት ነው? ደብዳቤሽን ሳነብ ለእማማ ወለተ ኢየሱስ በጣም አዘንሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ትንሽ አሞኝ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ።

ፍላሹ እስካሁን አልተገኘም። ምናልባት ወንድሜ መርጡለ ማርያም ይዞት ሄዶ እንደሆነ አስጠይቃለሁ።

አቶ እንዳላማው ደውለውልኝ ነበር። ቂም የያዙብሽ አይመስለኝም። «አንድ ወረቀት አዘጋጅተናል፤ ትፈርምና በሰላም ይለቅ» ነው የሚሉት። ሔዋንዬ፣ እስቲ በእርጋታ አስቢው። አንቺው ራስሽ እንደጻፍሽልኝ ቀዮቹን በማስቀደምሽ አንቺም አለሽበት፤ እኔም አለሁበት። እንግዲያው የጋራ የቴክኒክ ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል። መፈረሙ ምን ይጎዳሻል? እዚህ መሥሪያ ቤታችን ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል፤ ስምሽን ሰጥቻለሁ። መስከረም ላይ ነይ። ቤትም እንፈልጋለን።

ዋናው የቀበሌው መዝገብስ? እሱን አምጥቶ ማሳየት አይቻልም? ለምን በእኔ ፍላሽ ላይ ብቻ ተንጠለጠልሽ?

የኋላሸት


ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2004 ዓ.ም.

የኋላሸት፣

ቅንፉን መንካትህን ማመንህ ደስ ብሎኝ የነገርሁህን ጥፋቴን መልሰህ ለአቶ እንዳላማው ነገርሃቸው። ባዘጋጁት ወረቀት ላይ በኋላ በእጅ ተጨምሮ ቃል በቃል አለ፦ «መረጃውን ያለ ሥርዓቱ ቀይዋን መስመር በማስቀደም የመዘገበችው ሠራተኛ»። ይህን ከእኔና ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ማሬ እንኳ ቀዮቹ መቅደማቸውን እንጂ ምን እንዳስከተለ አታውቅም።

ስለ መዝገቡ ጠይቀሃል። መዝገቡ «ወደ ኮምፒውተር ስለገባ» ተብሎ ከቀበሌው መደርደሪያ ወርዶ በኮሪደሩ ተከምሮ ነበር። ቆርቆሮው ያፈሳል። ባለፈው ሳምንት እኔና ማሬ ሄደን ገለጥነው። ሰማያዊው እስክሪብቶ ተርፏል፤ ይነበባል። ቀዩ ግን ቀልጦ በየገጹ ግርጌ ሮዝ እድፍ ሆኗል። ማሬ አንዱን ገጽ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። በፍላሽህ ላይ የተንጠለጠልሁት ለዚህ ነው።

ጥፋቱን በእኔ ላይ የሚያደርገውን ወረቀት አልፈረምሁም። አቶ እንዳላማው ጥሩ ሰው መስለው ነበር የጀመሩት።

«ሔዋን፣ ልጄ፣ አንቺ ገና ወጣት ነሽ። ሪፖርቱ ታትሟል፤ እንግዶቹም አመስግነው ሄደዋል። አሁን የታተመ ነገር እንዴት ይፋቃል?»

«ስልሳ ሦስት ሰው ተፍቋል እኮ፣ ጋሼ።»

«እነሱ ራሳቸው መጥተው አላመለከቱም። የመጣችው አንዲት ሴት ናት።»

«ዘበኛው አንዷንስ መቼ አስገባ?»

«ምላስሽ ይጎዳሻል» አሉኝ። ኮንትራቴ ሰኔ 30 ማለቁን የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለሁለት ወር ያለ ኮንትራት ስሠራ እንደቆየሁ ማንም አልነገረኝም ነበር። ሥራ መልቀቄን እስከ ዛሬ ላንተ የደበቅሁት «አዲስ አበባ ነይ» የምትለው እንዳይበረታ ነው።

አሁን ደግሞ የደበቅኸኝን እጠይቅሃለሁ። በወረቀቱ ግርጌ የሦስት እማኞች ፊርማ አለ። ሁለተኛው ያንተ ነው። የተፈረመበት ቀን ግንቦት 22 ነው። እኔ ስህተቱን ያገኘሁት ሰኔ 19 ነው። ወረቀቱ ስህተቱ ከመገኘቱ በፊት እንዴት ተጻፈ? ከእኔ በፊት አውቃችሁ ነበር ማለት ነው?

ፍርድ ቤቱ ለክረምት ዝግ ነው። እማማ ወለተ ኢየሱስ የቀድሞ ባላቸውን ከሰዋል፤ ቀጠሯቸው ሐሙስ ጥቅምት 8 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ፍላሹን ላክ። ሌላውን ሁሉ እኔ ዝም ልል እችላለሁ።

ሔዋን


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2005 ዓ.ም.

ሔዋን፣

እንኳን አደረሰሽ ሳልል ዓመቱ ገባ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ይህንንም ሳልቀድደው ቶሎ እልከዋለሁ።

ፍላሹ ካርቶን ውስጥ አልነበረም። ወንድሜም አልወሰደውም። በግንቦት ወር አንድ ዕለት ታብሌቱን ስፈትሽ የአንድ ሴት ስም ፈለግሁ፤ አጣሁት። ቅንፉ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ለአቶ እንዳላማው ነገርኋቸው። ላስተካክለው ብዬ ነበር፤ በእውነት። «እንግዶቹ ከፈረሙ በኋላ አይነካም» አሉኝ። ለአዲሱ መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልኝም እሳቸው ነበሩ። ግንቦት 22 ቀን ፈረምሁ፤ ፍላሹንም በእጃቸው ሰጠኋቸው። በፊቴ ሰበሩት። በድንጋይ ነው፣ ግቢው ውስጥ።

ልነግርሽ አስቤ ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲመጣ ግን «እየፈለግሁ ነው» ማለቱ ቀለለኝ፤ ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። በአካል መጥቼ በእግርሽ ላይ ልውደቅ። ሽማግሌዎቹንም ዳግም እልካለሁ። ይቅርታሽ ካልደረሰኝ ሰው አልሆንም።

የኋላሸት


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 5 ቀን 2005 ዓ.ም.

የኋላሸት፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጥቅምት 7 ቀን፣ በቀጠሮው ዋዜማ ነው። ለእማማ ወለተ ኢየሱስ አላነበብሁላቸውም። አንድ ቀን በተስፋ ይደሩ ብዬ ነው። በዚህ ጥፋተኛ ከሆንሁ ጥፋተኛ ነኝ።

«ፍርዱ እንዴት ሆነ?» ብለህ በስልክ መልእክት ልከሃል። ይኸው። ምስክር ሆኜ ቆምሁ። በእጄ የነበረው 1914 እና 1851 የሚል ማስታወሻ፣ ፍላሼ ላይ ያለው ገጽና ያንተ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤህን አቀረብሁ። ዳኛው «ፊርማው የሱ ለመሆኑ ማን ያረጋግጣል? ራሱ ይቅረብ» አሉ። ያን ጊዜ ውጭ ወጥቼ ደወልሁልህ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። እንደገና ደወልሁ። ዘግተኸዋል።

ተመልሼ ስለ ቅንፉ አስረዳሁ። ዳኛው በትዕግሥት ነው የሰሙኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

«ኮምፒውተሩ ሰውየውን ለምን መረጠ?»

«አልመረጠም ክቡር ዳኛ። መጨረሻ የመጣውን ነው የያዘው።»

«ቀድሞ የተጻፈ እኮ ነው መብቱ የሚጸና።»

«አዎ። እዚያ ግን ቀድሞ የተጻፈው ነው የሚወጣው።»

አዳራሹ ሳቀ። ባልየውም ሳቀ። ዳኛው ቀና ብለው ሲያዩት አፉን በጋቢው ሸፈነ፤ ግን የሳቁበት ነገር እንደ ምስክርነት አይያዝም። ማኅተም ያለበት ዝርዝር የሱን ስም ይላል። መዝገቡ ሮዝ እድፍ ነው። ሦስቱ ጥማድ ለሱ ተወሰነ። ሌሎቹ ስልሳ ሁለት ሴቶች ይህን ሰምተዋል፤ ከእንግዲህ ክስ የሚያቀርብ ያለ አይመስለኝም። ይግባኝ እንበል አልኋቸው። እማማ ወለተ ኢየሱስ ጫማቸው ላይ የያዘውን ጭቃ በእንጨት እየፋቁ፣ «ይግባኝ የሚለው ሰው እኚህ ዳኛ ካዩት ሌላ ምን ይዞ ይሄዳል?» አሉኝ። ዕቃቸውን ጭነው ይጁቤ ልጃቸው ጋ ገብተዋል። እዚያ የልጃቸው ባል ደብተር ላይ ጥገኛ ተብለው ይጻፋሉ። እንደገና በሰው ቁጥር ሥር።

እኔና ማሬ ባለፈው እሑድ ተቀምጠን የስልሳ ሦስቱን ስም ለማስታወስ ሞከርን። አርባ አንዱን አገኘን። ሃያ ሁለቱ ከእኛም ጠፍተዋል። የቀሩትን በየመንደሩ ዞረን እንጠይቃለን፤ ግን አላታልልህም፣ ራሴንም አላታልልም፦ ስም ብቻውን መሬት አይመልስም። ማሬ «ታዲያ ለምን እንጽፋለን?» አለች። «የት ነበሩ ሲባል አልነበሩም እንዳይባል» አልኋት። ከዚያ በላይ ተስፋ የለኝም።

አባቴ ሽማግሌዎችህ ዳግም መምጣታቸውን ነግሮኛል። የያዝሁት መልስ ይኸው፤ ለሽማግሌዎቹም እንዳለ ይነበብላቸው።

ይቅርታህን አልቀበልም፤ ለሴቶቹ እንጂ ለእኔ ስላልሆነ የሚገባው። «የጋራ ስህተት» የሚለውን አልቀበልም፤ የእኔ ድርሻ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፣ ራሴ ተሸክሜዋለሁ፣ ያንተን አልጨምርበትም። ማንም ሰው በፊቴ «ኮምፒውተሩ ነው» እንዲል አልቀበልም፤ ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው የሠራ፣ ያዘዘው ሰው ስም አለው። እየፈለግሁ ነው የሚል ደብዳቤ ከማንም አልቀበልም። ያንተን ቤት፣ ያንተን ከተማ፣ ስሜን የሰጠህበትን ሥራም አልቀበልም።

ከሁሉም በላይ፣ በሰው ገጽ ግርጌ ተጽፎ መኖርን አልቀበልም። በቀይም ቢሆን፣ በሰማያዊም ቢሆን።

ሰላምታውን ፍላሹ ሲደርሰኝ እጽፋለሁ ብዬህ ነበር። አልደረሰኝም።

ሔዋን